እርማት፦ «ቀለሙ ካልተላጠ እርሳስ አይጎዳም» ስለተባለው

«ልጁ የተላጠ ቀለም ካልበላ እርሳስ (ሊድ፣ በአሮጌ ቀለም ውስጥ ያለው መርዛማ ብረት እንጂ የምንጽፍበት አይደለም) አያሰጋም» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው። ዋናው መንገድ አቧራ ነው። እርሳስ ባለበት ቀለም የተቀባ አሮጌ መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መዝጊያውና መቃኑ ይፋተጋሉ። ለዓይን የማይታየው ብናኝ ደፉ ላይ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ያርፋል። የሚድህ ሕፃን መዳፉ ወለል ነክቶ ወዲያው ወደ አፉ ነው።

ስለዚህ ቤት ሲመረመር ግድግዳውን በዓይን አይቶ መሄድ አይበቃም። ባለሙያው ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ ጠርጎ ናሙናውን ላቦራቶሪ ይልካል፤ በአዲሱ ቀለም ሥር የተደበቀውን ደግሞ በኤክስሬይ መሣሪያ ይለካል። አፈሩና የቧንቧው ውኃም ይመረመራሉ።

«በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቆ መልሶ መቀባት» ያልከው ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ደረቁን ሲፈቀፍቁት ቤቱ በብናኝ ይሞላል።

«ልጄ ደህና ነው፣ ምልክት የለውም» ለሚለውም፦ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። እርሳስ በልጁ ሰውነት ውስጥ መግባቱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው።