ግመል ወይስ ላንድክሩዘር?

«የኤምሬትስ በረሃ ጨዋታ ግመልና ጭልፊት እንጂ የመኪና ግልቢያ አይደለም።» በዚህ ሐሳብ ላይ ዱባይ የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን እንዲህ ተከራክረዋል።

ደጋፊው፦ ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያምረው አሸዋ ላይ በመኪና መጋለብ ነው። ጎማ አስተንፍሶ ክምሩ ላይ መውጣት፣ ከዚያ እየጮኹ መውረድ። ይሄ አሸዋ ባለበት ሁሉ አለ። ማለዳ አል ማርሙም ሄዶ የግመል ሩጫ ያየ ግን አገሬውን ያውቀዋል። ዩኔስኮ በጭልፊት ማደንን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የግመል ውድድርን በ2020 የመዘገበው በከንቱ አይደለም። ከአባት የወረደ ነው። ሞተር አልነካውም።

ተቃዋሚዋ፦ ጋሼ፣ «ሞተር አልነካውም» ነው ያሉት? ግመሏ ጀርባ ላይ ጉብ ያለው ሮቦት ነው እኮ! አለንጋውን የሚያሽከረክረው ሞተር ነው። ባለቤቱም ከመሮጫው ጎን አስፋልት ላይ በላንድክሩዘር ይከንፋል፤ ሪሞት ይዞ፣ በሬዲዮ እየጮኸባት። ሮቦቱስ ለምን መጣ? በፊት ጋላቢዎቹ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዲሽ፣ ከሱዳን የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃን ማስጋለብን የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጠብቅ ሮቦት ተተካ። ከአባት ወረደ ሲሉ ይሄንንም ይቁጠሩ እንጂ።

ደጋፊው፦ ልጄ፣ ቃል አትልቀሚ። ግመሏ የምትሮጠው በራሷ እግር ነው ለማለት ነው። ያንቺ መኪና ግን በረሃውን ይፈጨዋል። እዚያ አሸዋ ውስጥ ቁጥቋጦ አለ፣ እንሽላሊት አለ። ጭልፊት የሚያሳድግ ሰው እኮ ወፉን እንደ ልጁ ነው የሚይዘው። ፓስፖርት ሳይቀር ያወጣለታል።

ተቃዋሚዋ፦ ሞተሩን በእግር ቀየሩት። ስለ ሕፃናቱ ደግሞ ዝም። ይሁን። ፓስፖርቱን ግን አልለቅዎትም። የሚወጣለት እዚህ የዱር አደን ስለተከለከለ፣ ፓኪስታን ድረስ ወስደው ሊያድኑበት ነው። ወፉ ፓስፖርት ይዞ ሲበር፣ የስንቷ እህታችን ፓስፖርት አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል?

ደጋፊው፦ ወደዚያ ከወሰድሽውማ ምን እላለሁ! እኔ ስለ ጨዋታ ነው ያነሳሁት። ስንት ዓመት እዚህ ሠርቼ የእህቶቼ ችግር የማይገባኝ አስመሰልሽኝ። አይባልም!

ተቃዋሚዋ፦ አይቆጡ ጋሼ። እኔም ስለ ጨዋታ ነው የማወራው፤ ማን ይጫወታል ነው ጥያቄዬ። ማለዳ ግመል ልታይ የምትወጣ የቤት ሠራተኛ የለችም፤ ቁርስ ማን ይሠራል? እረፍት ስታገኝ ከጓደኞቿ ጋር አዋጥታ የምትሄደው እርስዎ የናቁት መኪና ላይ ነው።

ደጋፊው፦ ማዋጣቱ ለምን? የግመሉ መግቢያ በነፃ ነው።

ተቃዋሚዋ፦ መግቢያውስ ነፃ ነው። እዚያ ድረስ በምን ልትሄድ ነው፣ በግመል?