8 ሚሊ ሜትር

8 ይሻላል ወይስ 13? ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። የሎተሪ ቁጥር አይደለም። ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪናዬ ሞተር ላይ የሚገባ ዕቃ ውፍረት።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በካምሪዬ ሰው አመላልሳለሁ። ካምሪዋ እንጀራዬ ናት። ጋራዥ ውስጥ ግን አንሶላ የለበሰች ሌላ አለች። የ2003 ኒሳን 350ዚ። ሁለት ወንበር፣ 3.5 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 287 የፈረስ ጉልበት። ሚስቴ «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

ጣውንቲቱ አንድ ሕመም አለባት። የሠሯት ሰዎች ኮፈኗ ዝቅ እንዲል ፈለጉ። ስለዚህ ሞተሩ አናት ላይ ተቀምጦ ለሲሊንደሮቹ አየር የሚያከፋፍለውን ኢንቴክ ማኒፎልድ ከፊት በኩል ጨፈለቁት። ነገሩን ለመረዳት የሰርግ ድንኳን ማሰብ ይበቃል። አየሩ በፊት በር ይገባል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለቱ ሲሊንደሮች ጣሪያው ስለተጫናቸው ትሪው ባናታቸው ያልፋል። ከኋላ ያሉት ይጠግባሉ። በር ላይ ተቀምጦ ሰርግ የበላ ሰው ይሄ ይገባዋል። እኔ የአጎቴ ልጅ ሲያገባ ቁርጡን ያየሁት በሩቁ ነው። ለነዚያ ሁለት ሲሊንደሮች ሆዴ የባባው ለዚህ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ ስፔሰር ይባላል። በማኒፎልዱ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መሀል የሚገባ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ዝርግ ነገር ነው። ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ቀጭኑ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወፍራሙ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም ወደ 13። ወፍራሙ ብዙ አየር ያስገባል፤ ግን ኮፈኑ ሥር ከግራ ቀኝ ከተጋደመው ብረት ጋር ይጣላል። ብረቱን ወይ ማንሳት፣ ወይ ከፍ ማድረግ ሊኖር ነው።

ጥፋቴ ይህን ቡና ላይ ማንሳቴ ነው።

እኛ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ አያውቅም። ሚኒቫን የሚነዳው ጓደኛችን «ካልቀረ 13 አድርጋት» አለ፤ የሚገዛልኝ ይመስል። ሌላው ስለ ውፍረቱ ግድ የለውም፤ የሱ ጥያቄ አሉሚኒየም ነው ፕላስቲክ የሚል ነው። ፕላስቲኩ የሞተሩን ሙቀት ወደ ላይ እንዳያልፍ ይከላከላል ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «ፕላስቲክ ለጀሪካን ነው» ብሎ ዘጋው። ሦስተኛው እስከ ዛሬ አዲስ አበባ መሬት ያለመግዛቴን አነሳ። እሱ ምንም ቢወራ መሬት ያነሳል። የልጄ ክርስትና ላይም አንስቷል።

ጋሼ ዝም ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ጋሼ የድሮ መካኒክ ናቸው፤ አዲስ አበባ ስንት ሰይቼንቶ ከሞት ያስነሱ። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «የት ልትነዳት ነው?» አሉኝ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። እዚህ ቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው ቅጣት ከፍሎ የሚገላገል እንዳይመስለው። ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። የፖሊስ ራዳር ሲኖር የሚጠቁመውን መሣሪያ መጠቀም እንኳ ክልክል ነው። ከሥራ መውጫ ላይ ደግሞ 395 መንገድን ማየት ነው። 287ቱም ፈረሶች ቆመው ገብስ ይበላሉ። ስፔሰሩ አስር ፈረስ ቢጨምርልኝ የሚቆሙት 297 ሆኑ ማለት ነው።

«ቅዳሜ እሑድ ጠዋት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቅዳሴ የለህም?» አሉኝ።

ለማንኛውም ገዛሁ። 8ቱን፣ ያውም አሉሚኒየሙን። በሳይንስ መረጠ የሚል ካለ ይታረም። በ13ቱ ኮፈኑ ሥር ብረት መነቃቀል ሊመጣ ነው፤ ሚስቴ ምን እንደገዛሁ ታያለች። እሷ የምታውቀው የ30 ዶላር የአየር ማጣሪያ መግዛቴን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ካቻቪቴያቸውን ይዘው መጡ። ለምክሩ ሲሉ ተቃወሙ እንጂ እጃቸው በልቷቸዋል። የላይኛውን ክፍል ስናነሳው ሥሩ ስድስት ቀዳዳ ወለል አለ። «አንዲት ብሎን እዚህ ከገባች ሞተሯን ቀበርካት» አሉ ጋሼ። «ጨርቅ አምጣ!» ወጥ ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሰበሰብኩ። አሮጌ ካኒቴራ፣ ካልሲ፣ አንዲት ቅባት የጠገበች ጨርቅ። ስድስቱንም ወተፍን። ምሳ በላን። ተመልሰን ጨርቆቹን አወጣን፣ አየር እንዳያሾልክ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን አስተካከልን፣ ስፔሰሩን አስቀመጥን፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅን።

ዕቃ ስሰበስብ ጨርቆቹን ቆጠርኩ። አምስት።

እንደገና ቆጠርኩ። አምስት። ጋሼም ቆጠሩ፤ ከዚያ ቁጭ አሉ። መኪናዋ ሥር አየን፣ ሳጥን ገለበጥን፣ የየራሳችንን ኪስ ፈተሽን። የለችም። ማስነሳት የማይታሰብ ነው። ያጠበቅናቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታን። ማኒፎልዱን አነሳን። ስፔሰሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። በየቀዳዳው በእጅ መብራት አጮለቅን። ንጹሕ ነው። ጋሼ «ዋጠቻት» ብለው አማተቡ።

በሩ ተከፈተ። ሚስቴ ናት።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ጨርቅ» አልኳት።

«ማሰሻዬን ነው? እናንተ ምሳ ስትበሉ ወሰድኳት እኮ። ምጣዱን በምን ላስሰው?»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሚስቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብረት አነሳች። ገለባበጠችው። ፊቷ ላይ አድርጋ በክፍቱ በኩል አየችኝ።

«ማጣሪያ ያልከኝ ይሄ ነው? ምኑን ነው የሚያጣራው?»