ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ኮፈኗ የተከፈተው መኪና ከሃያ ዓመት በላይ የሠራች ናት። ከሥሯ ያደረው ካርቶን ላይ መዳፍ የሚያህል የዘይት እድፍ ይታያል። ሦስት ሰዎች እሱን እያዩ ይከራከራሉ።

ባለቤቱ መላቸውን አስቀድመው ጨርሰዋል። «20ደብልዩ50 እሞላበታለሁ፤ ወፍራም ዘይት እንደ ልቡ አይወጣም። ካልሆነም ዙሪያውን ሲሊኮን እለቀልቀዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ዘይት በጠጣ ብረት ላይ ሲሊኮን አይዝም» አለ ወጣቱ። «ከውጭ ቢቀቡት ከውስጥ የሚገፋው ዘይት ልጦ ይጥለዋል። ወፍራሙ ዘይት ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፤ እስኪደርስ ቴስታታው (የሞተሩ ላይኛ ክፍል) በደረቁ ይፋተጋል።» የእሱ መፍትሔ ሁሉንም መቀየር ነው፦ የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መሀል ገብቶ ዘይት የሚያግድ ማሸጊያ)፣ የዘይት ቋቱን ጓርኒሲዮን፣ የኋላውን ኦይል ሲል (በሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረውን ዘንግ ከብቦ ዘይት የሚያግድ ቀለበት)። «የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚገናኙበት ነው። የኋላው ኦይል ሲል ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለው?»

እስካሁን ዝም ያለው ሦስተኛው ገባ። «ለእሱ እኮ ካምቢዮ ይወርዳል። ለመሆኑ ሞተሩን አጥባችሁ አይታችኋል?»

ማንም አላጠበውም። ከቴስታታው ክዳን የኋላ ጥግ የሚወጣ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ተንሸራቶ የሚንጠባጠበው እዚያው መጋጠሚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በቅባት ማስለቀቂያ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይነዳ፤ ከዚያ በእጅ ባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች ይታይ አለ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀርቦ የራሰው ቦታ ምንጩ ነው።

ቀጥሎ የሞተሩን መተንፈሻ ጉዳይ አነሳ። በፒስተን ቀለበቶች አልፎ ወደ ታች የሚሾልከው ጋዝ በፒሲቪ ቫልቭ (ክዳኑ ላይ በምትገጠም የመተንፈሻ ቫልቭ) በኩል መውጣት አለበት። ቫልቩ ከተደፈነ ግፊቱ ደካማ ጎን ፈልጎ ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑ ያስወጣል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ቫልቩን ከክዳኑ ነቅሎ፣ ቱቦውን ሳያላቅቅ፣ አፉን በአውራ ጣቱ ደፈነው። መሳብ ነበረበት፤ አልሳበም። ሞተሩን አጥፍቶ ቫልቩን ከቱቦው አውጥቶ ሲያወዛውዘው መንኳኳት ነበረበት፤ አልተንኳኳም፤ ውስጡ ጥቁር ዝቃጭ ግጥም አድርጎታል።

«አንዲት ቫልቭ ይህን ሁሉ ዘይት ታስወጣለች?» አሉ ባለቤቱ። ወጣቱም አልተረታም። ክዳኑን ፈትቶ ጓርኒሲዮኑን ሲያጥፈው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «ይሄስ በቫልቭ ይድናል?»

እኔ በቅደም ተከተሉ ከሦስተኛው ጋር ነኝ፤ በጓርኒሲዮኑ ግን ወጣቱ አልተሳሳተም። ሙቀት ያደረቀው ጎማ ግፊት ቢቀንስለትም መልሶ አይለሰልስም። ጓርኒሲዮኑን ቀይሮ ቫልቩን መተው ደግሞ አዲሱንም ለዚያው ግፊት መስጠት ነው። ሁለቱም ዛሬ ይቀየሩ፣ የኋላው ኦይል ሲል ይቆይ። አዲስ ቫልቭ ገብቶም በዘይት መሙያው አፍ ጋዝ እየተገፋ ከወጣ ቀለበቶቹ አልቀዋል ማለት ነው፤ ያን ጓርኒሲዮን አይመልሰውም።

ክዳኑ ሲገጠም የክዳኑም የቴስታታውም ፊት ከአሮጌ ቅሪት ጸድቶ ይድረቅ። አልሙኒየሙ በብረት አይፋቅ፤ አንድ ጭረት የዘይት መንገድ ይሆናል። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ሁለት አካላት ተጋጥመው ደረጃ በሚሠሩባቸው ጥጎች ብቻ ነው፣ ያውም እንደ ምስር ፍሬ። ሲበዛ ወደ ውስጥ የሚጨመቀው ትርፍ ተቆርጦ ይወርድና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፤ በዚህ ሞተር ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል። የክዳኑ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎኖች ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር የማጥበቅ ኃይል ይበቃቸዋል (የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይከበር)፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር። ይበልጥ ማጥበቅ ጓርኒሲዮኑን ይጨፈልቃል፣ የቆርቆሮ ክዳንንም ያጎብጣል። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ 24 ሰዓት ሞተሩ አይነሳ።

ከሥር መግባት ካስፈለገ፣ እባካችሁ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም። ጎማው ይታገድ፣ መኪናዋ በጽኑ መቆሚያ ላይ ትረፍ።

በማግስቱ ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ። ላይኛው ደረቅ ሆኖ ከመጋጠሚያው መንጠባጠቡ ከቀጠለ፣ ካምቢዮ የማውረዱ ወሬ ያኔ ይጀመር።