መዝሙር መራጭ ኮሚቴያችን ይባረክ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ሁሉ የሠፈር ኳየርም አብሮ ይቆማል። እሰየው! እኔ ግን ዛሬ የማመሰግነው ዘማሪዎቹን ሳይሆን መዝሙር መራጮቹን ነው። ድምፅ ያለው ሰውማ በየብሎኩ ሞልቷል፤ በሌለ ድምፅ ተማምኖ መዝሙር የሚመርጥ ጀግና ነው ብርቁ።

ፈሪ ኳየር መጀመሪያ ሰው ይቆጥራል። ቀጭኑ የሴት ድምፅ ሶፕራኖው ስንት ነው፣ ቀጭኑ የወንድ ድምፅ ቴነሩ እስከ የት ይወጣል፣ ወፍራሙ ባሱ እስከ የት ይወርዳል እያለ ጊዜ ያጠፋል። የእኛ ኮሚቴ ሱሪውን ሰፍቶ ባለቤቱን ኋላ ይፈልጋል። ለገና የመረጠልንም የፈረንጁን የሙዚቃ ደራሲ የሃንደልን «ሃሌሉያ» ነው፤ ባለአራት ድምፅ፣ መለከትና ከበሮ ያለበት። እርግጥ ሃሌሉያው የሚመጣው «መሲህ» በተባለው ረጅም ድርሰቱ በሁለተኛው ክፍል ማብቂያ፣ ከሕማሙና ከትንሣኤው በኋላ ነው። ቢሆንስ? ቀድሞ መገኘት ምን ነውር አለው?

ልምምዱን ኮሙናሉ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። ሶፕራኖዎቹ «የነገሥታት ንጉሥ» እያሉ አንዷን ኖታ ጎትተው ይዘው ደረጃ በደረጃ ሽቅብ የሚወጡበት ቦታ አለ። ከሦስተኛው ደረጃ በኋላ የቀጠለችው አንዲት እህት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ አፋቸውን እንደከፈቱ በአክብሮት ሸኟት። ወንዶቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም «እኔ ባስ ነኝ» ባይ። ቴነር መባል ወንድነት ላይ የሚመጣ ነገር ሆኗል መሰለኝ። ቴነሩን የያዙት ከአልቶ፣ ከወፍራሙ የሴት ድምፅ፣ በውሰት የመጡ አንዲት እትዬ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ኪቦርዲስቱ አዝኖ የዜማውን ከፍታ የምትቀይረውን ትራንስፖዟን ተጭኖ ኪዩን ዝቅ ቢያደርግ ሴቶቹ ተነፈሱ፣ ባሶቹ ምድር ቤት ገብተው ጠፉ።

አንድ ልጅ እግር ደፈር ብሎ፣ «በትዝታ ወይ በባቲ ቅኝት ሁላችንም የምናውቀውን ዜማ ብንወስድስ? አንዱ ያውጣ፣ ሌላው ይቀበል፣ ወንዶቹ ከሥር አንድ መስመር ይያዙ» አለ። ሰብሳቢው ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄንንማ እናቶቻችንም ይችሉታል!»

እውነታቸውን ነው። ታዳሚው አብሮ የሚያዜመው ነገር ምኑን ዝግጅት ሆነ? የክብር እንግዳው ፊት እኮ ነው የሚቀርበው።

ደግሞ መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሃንደል ሙሉውን «መሲህ» እ.ኤ.አ. በ1741 በ24 ቀን ጽፎ ጨርሷል፤ ኮሚቴያችን ከዚያ ውስጥ አንዱን ለመምረጥ ከመስቀል እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ተሰብስቧል፤ ሻይና አምባሻ ሳይቋረጥ። ለልምምድ የተረፈው ዐሥር ቀን ነው። ችኮላው የሃንደል፣ ጥንቃቄው የእኛ።

ለፋሲካ ባለስምንት ድምፅ ታስቧል አሉ። ኖታው ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለሁሉም ታድሏል፤ አሁን የሚያነበው ሰው እየተፈለገ ነው።