በፒስ ሪቨር ወንፊት፣ በሐዳር አፈር

በደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ፣ አርኬዲያ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ታክኮ የሚያልፈው ፒስ ሪቨር እንደ አገራችን ወንዞች ከሰኔ እስከ መስከረም ይሞላል፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት ግን ብዙው ቦታ ከጉልበት አያልፍም። ባለፈው ዓመት የካቲት አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ «ቅሪተ አካል ለቀማ እንሂድ» ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቅሪተ አካል የሚለውን ቃል ከድንቅነሽና ከብሔራዊ ሙዚየም ጋር ብቻ አያይዤ ያደግሁ ሰው ነኝና።

ካያክ የምትባለዋን ጠባብ ታንኳ ተከራይተን፣ አካፋና ወንፊት ጭነን፣ እንደ ሻይ በጠቆረው ውሃ ቁልቁል ቀዘፍን። አዞ ዳር ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲሞቅ ባልደረባዬ እጁን አውለብልቦ ያልፈዋል፤ እኔ ግን የአርባ ምንጭ አዞ ታሪክ ሲነገረኝ ያደግሁ በመሆኔ መቅዘፊያዬን አጥብቄ ያዝሁ። ጠጠር የተከማቸበት ቦታ ስንደርስ ወርደን፣ ጠጠሩን በአካፋ ዝቀን፣ ዱቄት እንደሚነፋ ሰው ወንፊቱን ውሃው ውስጥ እንወዘውዛለን። መጀመሪያ የወጣልኝ ጥፍር የምታህል ጥቁር የሻርክ ጥርስ ነበረች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ የፈረስ መንጋጋ ጥርስ አገኘሁ። ፈረስ በአሜሪካ ምድር ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቶ፣ እስፓኛውያን በመርከብ እንደ አዲስ እስኪያመጡት ድረስ እንዳልነበረ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ወንዙ የሚያልፍበት ምድር ለማዳበሪያ በሚውለው ፎስፌት በሚባል ማዕድን የበለጸገ ነው፤ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል ባልደረባ የነበረው ፍራንሲስ ለባሮን እ.ኤ.አ. በ1881 የፎስፌት ጠጠር ያገኘው እዚሁ ነው። አካባቢው አንዴ ባሕር፣ አንዴ የብስ ስለነበረ፣ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጠፋው የግዙፉ ሻርክ የሜጋሎዶን ጥርስ፣ ትናንት ጠፋ ከሚባለው ዝሆን መሰል እንስሳ፣ ከማሞት አጥንት ጋር በአንድ ወንፊት ይወጣል። ወንዙ ሁሉንም ከየንብርብሩ ፈልቅቆ ቀላቅሎታል።

ሕጉም አለ። የሻርክ ጥርስ ለማንም የተፈቀደ ነው። ሌላውን የአከርካሪ አጥንት ያለው እንስሳ ቅሪት ለመልቀም ግን ጌንስቪል ከሚገኘው የፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ፈቃድ ማውጣት፣ በዓመቱ መጨረሻም ያገኙትን ዘርዝሮ ማሳወቅ ግድ ነው፤ ሙዚየሙ በ60 ቀን ውስጥ ካልጠየቀው ግኝቱ የለቃሚው ይሆናል። የሰው እጅ የሠራውን የድንጋይ መሣሪያ ከወንዙ አንስቶ መውሰድ ግን ክልክል ነው።

በዚያ ሰሞን ታምፓ በአንድ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ጥርሱን እያሳየሁ ተማረርሁ። የሰው ዘር መገኛ ነን እንላለን፤ ልጆቻችን ግን ሙዚየም ሲወሰዱ በመስታወት ውስጥ የሚያዩት የድንቅነሽን ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎበታል። እዚህ ግን ማንም ተራ ሰው ጥንታዊውን ነገር በእጁ ይዳስሳል። ቀድሞ አገር ቤት የጂኦሎጂ መምህር የነበሩት ጋሼ አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ «አንተ ያነሳኸውን ጥርስ ወንዙ ቀድሞ ከቤቱ አፈናቅሎታል። ሐዳር ላይ ያለው አጥንት ግን ገና ቤቱ ነው» አሉኝ።

ቀጥለውም አስረዱኝ። ድንቅነሽ አፋር ውስጥ፣ እዚያው ሐዳር ላይ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ስትገኝ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ለማለት የተቻለው፣ ከበላይና ከበታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር በቤተ ሙከራ ስለሚለካ ነው። በአፋርና በኦሞ አንድ ሰው አጥንት አንስቶ ኪሱ ቢከት፣ ያጠፋው አጥንቱን ብቻ ሳይሆን የአጥንቱን ዘመን ጭምር ነው። ስለዚህ የእኛ ሕግ ያለ ፈቃድ ቁፋሮንም ሆነ ለቀማን መከልከሉ ስስት አይደለም፤ ፒስ ሪቨር ላይ የሚሠራው ልቅነት እዚያ ቢገባ ጥፋት ነው። ምሬቴ ግማሹ በዚሁ ረገበ።

ግማሹ ግን አሁንም አለ። በዚሁ ፍሎሪዳ ሞንትብሩክ በሚባል ስፍራ አጥንቱ ገና ከንብርብሩ አልወጣም፤ እዚያም ለቅሞ መውሰድ የለም። ነገር ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጡረተኛውም ተማሪውም በበጎ ፈቃደኝነት ከሙዚየሙ ተመራማሪዎች ጎን ተንበርክኮ ይቆፍራል። በአፋር ሚሌ ወረዳ በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘው የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱ የራስ ቅል ፍለጋም የተጀመረው አንድ የአካባቢው ሰው የላይኛውን መንጋጋ ስላየ ነው። ያ ሰው የተማረ ዓይን እንዳለው ማን ይጠራጠራል? የአዲስ አበባው ተማሪ ግን ዓይኑን የሚያሠለጥንበት አንድ ወንፊት እንኳ የለውም። ከአጥንቱ አጠገብ ያለውን ተራ የአዋሽ ጠጠር ነፍቶ፣ የዓሣና የአዞ ስብርባሪ ለይቶ መልሶ የሚያስረክብበት የአንድ ሳምንት የትምህርት ጉዞ፣ በባለሙያ ፊትና በፈቃድ እስከሆነ ድረስ፣ ንብርብሩን የሚጎዳ አይመስለኝም።

ዝርዝሬን ለሙዚየሙ ከላክሁ 41 ቀን ሆኖኛል። ልጄ «አባዬ፣ ፈረሱን ቢወስዱብንስ?» ትለኛለች። ቢጠይቁኝ ደስ እንደሚለኝ ነገርኋት፤ እርሷ ግን ጥርሱን ከመደርደሪያው አንስታ መኝታ ክፍሏ ወስዳዋለች።