ወረቀቱማ ተሟልቷል

ወገኖቼ፣ ስለ ብረት ነጋዴ ክፋት ለመስማት ከሆነ ይህን አታንብቡ። እሱን ስንረግም ኖረናል፤ ምንም አልሆነም። የዛሬው ቁጣዬ በአዳራሹ ተቀምጠው በሳቁት ላይ ነው።

እኔም አባል የሆንኩበት አንድ የአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ማኅበር ነው። አባላቱ ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ ዕቁብ ጥለው፣ ልጅ ዓረብ አገር ልከው የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። ለሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ባለ 12 ቁጥር፣ ማለትም ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ ገባ፤ አብሮትም የፋብሪካ የጥራት ሰርተፊኬት የተባለ ወረቀት መጣ። ኮፒ ከኮፒ ሲገለበጥ ኖሮ ማኅተሙ ጥቁር እድፍ መስሏል። የገዢ ስም የነበረበት ቦታ በነጭ ቀለም ተደፍኖ የማኅበሩ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

የሳይቷ መሐንዲስ ገና ልጅ ናት። ከፌሮው እስር ላይ የተንጠለጠለውን ታርጋ ፈልጋ የቀለጣ ቁጥሩን፣ ብረቱ በየትኛው ዙር እንደቀለጠ የሚናገረውን፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች፤ አይገናኝም። ፌሮውን ከሦስት ቤርጋ፣ ከሦስት ሙሉ ዘንግ ማለት ነው፣ አንዳንድ ሜትር አስቆረጠችና ሠፈር ሱቅ ወስዳ ሚዛን ላይ አስቀመጠች። ስሌቱን ማንም ይችለዋል፤ ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ነው፤ የአንድ ሜትሩ ክብደት በኪሎ ይመጣል። ባለ 12 በሜትር ወደ 890 ግራም ሊመዝን ይገባል። የእሷ 740 ሆነ። የአሜሪካው የፌሮ ደረጃ እንኳ የሚታገሠው ጉድለት 6 በመቶ ነው፤ ይህ ከ16 በመቶ አለፈ። ፌሮ በኪሎ ሳይሆን በቤርጋ ሲሸጥ የጎደለው ግራም ማን ኪስ እንደሚገባ መንገር አለብኝ?

ግንባታውን ለሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ አመለከተች። "ወረቀቱማ ተሟልቷል" አላት።

ቁራጩን በጋዜጣ ጠቅልላ ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቀረበች። አንድ አዛውንት ተነሡና "ልጄ፣ አንቺ ከፋብሪካው ልትበልጪ ነው?" አሏት። አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ "ይቺ ከሌላ ነጋዴ ስንት ተቀብላ ይሆን?" ሲል ሳቁ ባሰ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ነው። በሳምንቱ ሶሌታው ተሞላ፤ ኮንትራክተሩም "ከሰው አትግባባም" ብሎ ልጅቷን ቀየራት። የሳቀውም ዝም ያልነውም እዚያው ሕንጻ ውስጥ ልንተኛ ነው።

ምን ነክቶን ነው? ሥጋ ቤት ገብተን አጥንቱ በዛ ብለን ከባለ ሚዛኑ ጋር የምንጣላ ሰዎች፣ ከልጆቻችን አናት በላይ የሚዘረጋውን ብረት ሳንመዝን እንቀበላለን።

ሰርተፊኬት እኮ ስለ ብረት በጠቅላላው አይናገርም። የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀለጣ ነው፤ ካርቦኑ፣ ድኙ፣ ፎስፈረሱ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ኃይል ሲሳብ እጅ እንደሰጠ፣ ከመበጠሱ በፊት ምን ያህል እንደተለጠጠ። የመለጠጡን ነገር አትናቁት። ደህና ብረት ሲጨነቅ ይለመጣል፣ አርማታው ይሰነጠቃል፣ ሰው ለመሸሽ ፋታ ያገኛል። ደረቁ ግን ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። በ2017 ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያወዛውዛት ልጆቻችንን ታቅፈን በደረጃ የተሯሯጥነው እኛው አይደለንም እንዴ?

ታኮማ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ለባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚሆን ብረት ያላለፈውን ፈተና እንዳለፈ አድርጋ ስትጽፍ የኖረች ባለሙያ በ2022 እ.ኤ.አ. እስር ተፈርዶባታል። እኛ ዘንድ የተባረረችው ውሸቱን ያገኘችው ናት።

ሦስተኛው ፎቅ ገና አልተሠራም። የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ብረት ይፈትሻል፤ ብረት የሚጎትት ማሽን ያላቸው ሌሎች ላቦራቶሪዎችም ከተማዋ ውስጥ አሉ። ናሙናውን ሻጩ ሳይሆን ከእናንተ አንዱ ያስቆርጠው፣ እስከ ላቦራቶሪው ይሸኘው፣ ውጤቱንም በእጁ ይቀበል። ታርጋ የሌለው እስር ከመኪና አይውረድ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ እምብዛም አልጠብቅም። ባለፈው ሰሞን ግን ከሳቁት አንዱ ደወለና "ያቺ ልጅ ለስንት ነበር አካፍሉ ያለችው?" ብሎ ጠየቀኝ። 162 አልኩት። የጻፈው መሰለኝ።