ስለ ኋላ ማርሹስ?

ስለ ሱፐርካር፣ ማለትም እጅግ ፈጣንና ውድ ስለሆነው የስፖርት መኪና፣ የጻፉ አንድ ጸሐፊ «የሱፐርካር ደስታ ፍጥነቱ ነው» ብለዋል። ስለ ኋላ ማርሹ ግን ትንፍሽ አላሉም። የጣሊያኗን ሱፐርካር ላምቦርጊኒ ካውንታሽን እንውሰድ። ከ1974 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የተመረተች፣ ማርቼሎ ጋንዲኒ የነደፋት ጉደኛ መኪና ናት። ቪ12 (ባለ 12 ሲሊንደር) ሞተሯ ከሾፌሩ ጀርባ ስለሆነ ወደኋላ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ወደኋላ ሄዶ ለማቆም ምን ይደረጋል? በሩን ወደ ላይ ከፍቶ ደፉ ላይ ቁጭ ማለት! አንገት ወደኋላ ዞሮ፣ አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እግር ፍሪሲዮን ላይ። (ፍሪሲዮኗም ጉልበት ትጨርሳለች።) መስኮቷ የሚከፈተው በትንሹ ነው፤ በሙቀት ቀን መንገድ ከተዘጋጋ መቀቀል ነው። ፖስተሯን ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሁሉ ይሄን መች ያውቃል! እንዲያም ሆኖ ቁልፉን ቢሰጡኝ እምቢ አልልም፤ የሚያቆምልኝ ሰው ብቻ ይፈለግልኝ።